የወላይታ ቀይ አፈርና የእግር ደዌ

ከሶዶ ከተማ በላይ ቆሞ የሚታየው የዳሞታ ተራራ ለወላይታ ሰው ብዙ ነገሩ ነው። ደመናውን ይይዛል፣ ምንጩን ያፈልቃል፤ ከእግሩ ሥር የተዘረጋውም ቀይ አፈር እንሰቱን፣ ጎደሬውን፣ ስኳር ድንቹንና ቡናውን ያበቅላል። በአገራችን የገጠር ምድር እንደ ወላይታ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ የሚኖርበት ሥፍራ ጥቂት ነው፤ ያን ያህል ሕዝብ በጠባብ መሬት ላይ ተዛዝሎ ሊኖር የቻለውም አፈሩ ለጋስ ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን ይኸው ለጋስ አፈር ከልጅነቱ ጀምሮ በባዶ እግሩ ለሚረግጠው ሰው ሌላ ጠባይ አለው። ሳያቆስል፣ ሳያደማ፣ ድምፅም ሳያሰማ በእግር ቆዳ በኩል ይገባና ከብዙ ዓመት በኋላ ሰውየውን ከእርሻው፣ ከገበያውና ከባልንጀሮቹ መካከል ያወጣዋል።

ሕመሙን በአማርኛ ዝሆኔ እንለዋለን። ስሙ ራሱ ስድብ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም፤ ሰውን በእንስሳ እግር መጥራት ነውና። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ቃል ሲሆን ፖዶስ የእግር፣ ኮኒስ ደግሞ አቧራ ማለት ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2003 በታተመ ጥናት (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በወላይታ ዞን ከመቶ ሰው 5.46 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለበት ታውቋል። ይህን ቁጥር ወደ ኑሯችን ብናመጣው፣ 20 አባላት ባሉት አንድ ሰንበቴ ውስጥ አንዱ እግሩን በጋቢው ሸፍኖ ይቀመጣል ማለት ነው። ወደ መላው አገር ብንሻገር ደግሞ በ2013 በ659 ወረዳዎች በተደረገው ምርመራ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት ሰዎች ከመቶ 4ቱ ታመው ተገኝተዋል። በጠቅላላው የሕሙማኑ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ከዚያ በኋላ ተገምቷል።

ምክንያቱ እንዴት እንደ ታወቀ መተረክ ይገባል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው መከላከያውን አያምንምና። በ1960ዎቹ ዓመታት ኦመን የሚባል ሐኪም በየጠቅላይ ግዛቱ ገበያ ለገበያ እየተዘዋወረ እግሩ ያበጠውን ገበያተኛ ይቆጥር ነበር። በ1969 ባወጣው ጽሑፍ ከመቶ ገበያተኛ 2.7 ያህሉ እግሩ ያበጠ መሆኑን ገለጸ። በገበያ ቀን ሰው መቁጠር ቀላል ዘዴ ይመስላል፤ ይሁንና ወደ ሐኪም ቤት የማይመጣውን ሕመምተኛ ለማግኘት ከዚህ የተሻለ ብልሃት በዚያን ጊዜ አልነበረም። ወደ ሐኪም ቤት የማይመጣ ሰው እንኳ ጨው ለመግዛት ወደ ገበያ ይመጣል።

ቀጥሎም ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1970ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ሳለ ሕመሙ ያለበትን ሥፍራ ከአፈሩ ዓይነት ጋር አስተያየው። ሕመሙ የሚበዛው ጥንት በእሳተ ገሞራ ከተፈጠረው ቋጥኝ በተገኘው ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ1000 ሜትር በላይ በሆነና ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ መሆኑን ተገነዘበ። ከሕሙማኑ ጉያ የወጣው ዕጢ በረቂቅ ማጉያ መሣሪያ ሲመረመርም የሲሊካ ቅንጣቶች በውስጡ ተገኙ። ስለዚህ ደዌው በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት የሚመጣ፣ በተሐዋስያንም የሚተላለፍ አይደለም። የመጣው ከምድሩ ራሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከዱቄት እጅግ የደቀቀው የአፈሩ ቅንጣት በእግር መርገጫ ቆዳ አልፎ ይገባና ከደም ሥር ሌላ በሰውነታችን ውስጥ ወዳሉት፣ ሊምፍ የሚባለውን ውሃማ ፈሳሽ ወደሚመልሱት ቀጫጭን ሥሮች ይደርሳል። ሰውነትም ይህን ባዕድ ነገር ሊያጠፋ ሲታገል ሥሮቹ ይቆስላሉ፣ ይጠነክራሉ፣ በመጨረሻም ይደፈናሉ። መሄጃ ያጣ ፈሳሽ በእግር ውስጥ ይቋጠራል። መስኖው የተደፈነበት ማሳ ረግረግ እንደሚሆን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይጠቅማል። በቆላ አገር በትንኝ የሚተላለፍ፣ በጥቃቅን ትሎች የሚመጣ ሌላ የእግር እብጠት አለ፤ እርሱ ብዙ ጊዜ ከላይ ይጀምራል፣ ጉያንና ኀፍረተ ሥጋንም ያሳብጣል። የአፈሩ ሕመም ግን ከእግር ጣት ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጉልበት የሚያልፈው እምብዛም ነው፤ በአብዛኛውም ሁለቱንም እግር ይይዛል። ከሥጋ ደዌም ይለያል፤ የሥጋ ደዌ ስሜትን ያደነዝዛል፣ በዚህኛው ግን እግሩ ይሰማል፤ እንዲያውም ያቃጥላል። ሦስቱን አንድ አድርጎ መመልከት ለሕሙማን ብዙ ጉዳት አምጥቷል።

የሰው ግምት ግን ሌላ መንገድ ሲሄድ ኖሯል። አንዳንዱ እባብ ወይም የሞተ እንስሳ ረግጦ ነው ይላል፤ ሌላው ምች መትቶት፣ ሌላው ጠላት አስደግሞበት፣ ሌላው ደግሞ የአባቱ ኃጢአት ተከትሎት ነው ይላል። ከሁሉ ይልቅ የከፋው ግን ይተላለፋል የሚለው ነው። ይህም ግምት የገጠር ሰው ብቻ አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ በጤና ባለሙያዎች መካከል በተደረገና በ2010 በታተመ ጥናት ከተጠየቁት ከግማሽ የሚበልጡት ሕመሙ ተላላፊ ይመስላቸው ነበር፤ ሲያክሙ እንዳይጋባባቸውም ይፈሩ ነበር። ነጭ ካፖርት የለበሰው ከፈራ ጎረቤት ቢሸሽ ማን ይፈርድበታል?

ከዚህ ፍርሃት የሚከተለውን ጥናቶቹ በተደጋጋሚ መዝግበውታል። ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ ጎልማሳው በእድርና በስብሰባ ላይ ቃሉ አይሰማም፤ ልጃገረዲቱ አትታጭም። በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመስጊድ ከሕዝቡ መካከል የተገለሉ አሉ። ይህ የመጨረሻው ለዚህ መጽሔት አንባብያን በተለይ የሚመለከት ነው። ወላይታ በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ባዕድ ምድር አይደለም፤ ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዳሞት እንዳስተማሩ ገድላቸው ይተርካል፤ በወላይታ ያለው ደብረ መንክራት ገዳምም ያንን ትውፊት ጠብቆ ይኖራል። የጻድቁን ሥዕል በግድግዳችን የሰቀልን ሁሉ አንድ እግራቸው በጸሎት ብዛት እንደ ተቆረጠ ከልጅነታችን ሰምተናል። በዚያ ሥዕል ፊት ተሳልሞ የወጣ ሰው በደጀ ሰላሙ በእግሩ የተጎዳውን ወንድሙን እንዴት ሊጸየፍ እንደሚችል ለእኔ አይገባኝም።

ጉዳቱ የክብር ብቻ ሳይሆን የእንጀራም ነው። በ2006 የታተመ ጥናት በወላይታ እንዳረጋገጠው አንድ ሕመምተኛ ከሥራ ቀኖቹ 45 በመቶ ያህሉን ያጣል። በዚያን ጊዜ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በነበረው ዞን ውስጥ ጠቅላላው ኪሣራ በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ተገምቶ ነበር። በመኸር ወራት አባት ከአልጋ ላይ ሲቀር ማን እንደሚያጭድ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደሚቀር መናገር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሕክምናው ታሪክ እንለፍ። በወላይታ ለብዙ ዓመታት በሕክምና ያገለገለ ዶክተር ናታን ባርሎ የተባለ አሜሪካዊ ሚስዮናዊ ሐኪም ነበር። በእርጅናው ዘመን፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ወደ ሶዶ ተመልሶ ለእነዚህ ሕሙማን ብቻ የሚሠራ አገልግሎት አቋቋመ። ሞሲ ፉት ይሉታል፤ ስሙ የተሰጠው የታመመው እግር ቆዳ በእርጥብ ድንጋይ ላይ እንደሚበቅለው ሽበት ስለሚሸካከር ነው። ባርሎ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ ሆኖም የሠራው ሥራ የሚመሰገን ነውና ማመስገን አያሳንሰንም።

የዚህ አገልግሎት ብልሃቱ በመድኃኒቱ አልነበረም። ዋናው መድኃኒት ሳሙና፣ ውሃ፣ ጥቂት በረኪና፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ነውና በማንኛውም ከተማ ሱቅ ይገኛል። ብልሃቱ በአስተማሪው ምርጫ ላይ ነበር። በየገጠሩ በተከፈቱት የሕክምና ጣቢያዎች ሕሙማኑን እንዲያጥቡና እንዲያስተምሩ የተመረጡት ብዙዎቹ ራሳቸው ታመው የነበሩና እግራቸው የተሻላቸው ሰዎች ናቸው። ሕመምተኛው ከሩቅ የመጣ ሐኪም ቢነግረው አንገቱን ደፍቶ ይሰማና ይሄዳል፤ የእርሱን ዓይነት እግር የነበረው የሰፈሩ ሰው ሱሪውን ሰብስቦ እግሩን ሲያሳየው ግን ያምናል። በሶዶም የጫማ መሥሪያ ተቋቁሞ ለተሸበሸበና ላበጠ እግር የሚሆን፣ በገበያ የማይገኝ ሰፊ የቆዳ ጫማ በልክ ይሰፋ ጀመር፤ ከሰፊዎቹም መካከል ሕሙማን ነበሩበት። እኔ በበኩሌ ከውጭ አገር በሣጥን ተሞልቶ ከሚመጣ የምጽዋት ጫማ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። የሣጥኑ ጫማ ሲቀደድ የሚጠግነው የለም፤ የሶዶው ጫማ ሰፊ ግን ነገም እዚያው ነው።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ትምህርት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በአንድ ቀዬ፣ በአንድ ዓይነት አፈር ላይ፣ ሁሉም ባዶ እግሩን ሲሄድ ከኖረ ለምን አንዱ ታሞ ሌላው ዳነ? ሽማግሌዎች ሕመሙ በዘር ይሄዳል ሲሉ ኖረዋል፤ ሳይንስም በዚህ ነገር ሙሉ በሙሉ አልተቃወማቸውም። በ2007 የወጣ ጥናት ከመታመም ዕድል ውስጥ 63 በመቶ ያህሉ ከውርስ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገመተ፤ የሕመምተኛ ወንድም ወይም እህት ከሌላው ሰው በአምስት እጥፍ ያህል ለሕመሙ የተጋለጠ ነው። በ2012 ደግሞ ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን ያነጻጸረ ምርምር ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚለይባቸው የውርስ ምልክቶች ከሕመሙ ጋር የተያያዙ መሆናቸውን አሳየ።

እንግዲህ ይህን እውነት ለአንድ ቤተሰብ እንዴት ይነግሩታል? ሽማግሌ ለእጮኛ ሲላክ የዘመዶቿን እግር የሚመለከትበት አገር ነው። «በዘር ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ከተነገረ፣ ጤነኛዋ ልጅ በአጎቷ እግር ምክንያት ሳትዳር ትቀራለች፤ ታማሚው ዘመድም ለቤተሰቡ ዕድል ሲባል በጓዳ ይደበቃል። ከዚህም ሌላ ጉዳት አለው፤ በዘር ከሆነ ጫማ ምን ያደርጋል ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ አባት ይኖራል፤ በዘራችን የለም ብሎ የሚዘናጋም ይኖራል። ቃሉ ከተደበቀ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ጫማ ሊደረግላቸው የሚገባቸው ልጆች ሳይታወቁ ይቀራሉ።

በወላይታ በተደረገ ሌላ ሥራ ከማኅበረሰቡ የተመረጡ አስተማሪዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ይህንኑ ጉዳይ እንዲያስረዱ ተሞክሯል። የያዙት ቃል ብልህ ነው፤ ሰው የሚወርሰው ሕመሙን ሳይሆን አፈሩን ያለመቻልን ጠባይ ነው ይላል። ሁለቱ በአንድ ላይ ካልተገናኙ ሕመም የለም። አፈሩን የማይችል እግር ያለው ልጅ አፈሩን ካልረገጠ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። አንድ ሰው ነጭ ሽንኩርት ሲበላ ሆዱ ይነፋል፣ ሌላው አይነፋም፤ የሚነፋው ባይበላ ግን ሕመምተኛ አይባልም። ይህን ዓይነት ምሳሌ በየጓዳው ቁጭ ብሎ መናገር የሚችለው የሰፈር ሰው ነው፤ ማስታወቂያ ተለጥፎ የሚሆን ነገር አይደለም። ለሽማግሌዎቻችንም ከዚህ የሚወጣው መልስ ግልጽ ነው፤ ከሕመምተኛ ቤተሰብ ማግባት ለሕመም መዳረግ አይደለም፤ ለሚወለዱት ልጆች ጫማ ቀድሞ ማሰብ ብቻ ነው።

ስለ ጫማ ደግሞ እኛ አስተማሪዎች የምናየው አለ። ልጁ ጠዋት ጫማ አድርጎ ይመጣል። የእረፍት ደወል ሲደወል ግን ኳስ ለመጫወት ያወልቀውና ከዛፍ ሥር ያስቀምጠዋል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በእጁ አንጠልጥሎ የሚሄድም አለ፤ ጭቃው እንዳያበላሸው ለጫማው አዝኖ ነው እንጂ ለእግሩ ጠልቶ አይደለም። ወላጅም እንዲሁ ነው። ጫማ በብዙ ቤት የሰንበት ልብስ ዓይነት ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሠርግ፣ ለልቅሶ ይወጣል፤ እርሻ ላይ ግን ባዶ እግር ይገባል። አፈሩ ግን በሰንበት አይደለም የሚጎዳው፤ ሰውየው ሲቆፍር በሚውልባቸው በስድስቱ ቀናት ነው። ኮንጎ ጫማ በፀሐይ ያቃጥላል፣ ያልባል፤ ነጠላ ጫማም አቧራውንና ጭቃውን በጎን ያስገባል። ስለዚህ ጫማ አለን ማለት ብቻ በቂ አይደለም፤ የተዘጋ መሆኑ፣ በየቀኑ መደረጉ፣ ማታም እግሩ በሳሙና መታጠቡ ነው ጥቅሙ። ልጅ ከመሬት ቆሞ መሄድ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ማለት ነው። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው፤ አፈሩ ግን የገባው ከዚያ በፊት ነው።

በዚህ ላይ ከአንባብያን የሚነሣውን ጥያቄ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። በቤተ መቅደስ ጫማ ይወልቅ የለምን? ይወልቃል፤ መውለቅም ይገባዋል። ነገር ግን የደጀ ሰላሙ አፈር ቀይ በሆነበት ደብር ምእመናኑ ጫማቸውን የሚያወልቁበትን ሥፍራ ከአጥሩ በር አርቆ ወደ ሕንጻው ደረጃ ማቅረብ፣ መሬቱን በድንጋይ ወይም በሰሌን መሸፈን የሰበካ ጉባኤ ሥራ ነው እንጂ የሥርዓት ለውጥ አይደለም። እግሩ የታመመ ሰውም ንጹሕ ካልሲ አድርጎ ቢገባ ማንም የሚከለክለው አይመስለኝም፤ ቢጠራጠር የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። ስለ ጠበልም እንዲሁ ነው። ሕሙማን ወደ ጠበል መሄዳቸው የታወቀ ነው፤ ይሂዱም። ብቻ በባዶ እግር ረዥም መንገድ አይሂዱ፤ ከተጠመቁም በኋላ በጣቶቻቸው መካከል ያለውን ውሃ አድርቀው ጫማቸውን ያድርጉ፤ እርጥብ ቆዳ ይሰነጠቃልና።

የታመመውን እግር በቤት ውስጥ መንከባከብ የሚጀምረው ከማጠብ ነው። እግሩ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ከሸብሸባው ውስጥ ያለው አፈር ሁሉ እስኪወጣ ቀስ ተብሎ ይፈተጋል። ቀጥሎም የጤና ባለሙያው ባሳየው ልክ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ሳፋ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል፤ በረኪና ሲበዛ እንደሚያቃጥል መርሳት አይገባም። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ፣ በተለይ በጣቶች መካከል፣ ይደርቃል፤ ቆዳው እንዳይሰነጠቅም ቫዝሊን ወይም ባለሙያው የሰጠው ቅባት ይቀባል። እብጠቱ እንዲቀንስ ሰውየው ሲቀመጥ እግሩን ከፍ ያደርጋል፣ ሲተኛም ከእግርጌው ጎን ፍራሹን ያስነሣል፤ ቁርጭምጭሚቱንም ያንቀሳቅሳል። ፋሻ እንዴት እንደሚጠመጠም ግን ከባለሙያ መማር ያሻል፤ አለአግባብ ከጠበቀ ይጎዳል። መጨረሻው ካልሲና ጫማ ነው።

ይህ ሁሉ ከንቱ ድካም አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ በ696 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2018 ታትሟል። ከሕመሙ ሁሉ የሚከፋው በየጊዜው የሚነሣው ትኩሳትና ቁስለት ነው፤ ሕመምተኛውን ከአልጋ ላይ የሚጥለው፣ የሥራ ቀኖቹን የሚበላው፣ ሕዝቡም ምች የሚለው እርሱ ነው። እንክብካቤው ያልተጀመረላቸው ሰዎች በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲነሣባቸው፣ እንክብካቤ ላገኙት ወደ 19.4 ወረደ። ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ከአልጋ መነሣት ለገበሬ ምን እንደሆነ ያስብ። ሥራው የተካሄደው በሳሙናና በውሃ መሆኑንም አይርሳ። በዚያው በጎጃም የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን የልማት ኮሚሽን ከዓለም አቀፉ የኦርቶዶክሳውያን የምግባረ ሠናይ ድርጅት ጋር ሆኖ እነዚህን ሕሙማን ሲረዳ ቆይቷል። ትኩሳቱ ሲነሣ ዕረፍት፣ ብዙ መጠጥ፣ እግርን በቀዝቃዛ ውሃ ማራስና ሕመም ማስታገሻ ይረዳል፤ ካልበረደ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። እግርን በእሳት መተኮስና በምላጭ መብጣት ግን ሌላ ቁስል መጨመር ነው።

የሚያጥበው ማን ነው? ወገቡ የማይታጠፍ ሽማግሌ፣ እግሯ የከበዳት አሮጊት ራሳቸውን ማጠብ አይችሉም። በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ወገባቸውን ታጥቀው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ እናያለን፤ በወይራና በወይን ቅጠል እየነከሩ ያሻሹታል። በዚያ ቀን ያልታጠበ እግር በቤታችን ጓዳ ውስጥ ካለ፣ ሳፋው ከምጣዱ አጠገብ ነው። በነገራችን ላይ ይህን ሥራ በብዙ ቤት ሲሠራ የሚገኘው ምራት ናት፤ ወንዶች ልጆች ከዚህ አገልግሎት ለምን ነፃ እንደ ወጡ አልገባኝም።

መንግሥት በ2003 ባስጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች እንዲመደቡ ተደርጎ በመላው አገር ከ30,000 በላይ ሠልጥነዋል። ትምህርታቸው ቤት ለቤት ነው፤ ሽንት ቤት፣ ክትባት፣ ወባ፣ የእናቶችና የሕፃናት ጤና። በ2013 የጤና ሚኒስቴር ትኩረት ላጡ የሐሩር አገር በሽታዎች ባወጣው የመጀመሪያ አገር አቀፍ ዕቅድም ይህ የእግር ደዌ ከስምንቱ አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሕመሙ በሚሽንና በበጎ አድራጎት እጅ ብቻ ነበርና። ሆኖም በዕቅድ መጻፍና ሳሙናውን ከታካሚው እጅ ማድረስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለወባ ክኒን አለ፣ ለኩፍኝ መርፌ አለ፤ ለዚህ ደዌ የሚያስፈልገው ሳሙና ግን መድኃኒት ተብሎ በጤና ጣቢያው መደርደሪያ አይቀመጥም፤ ጫማም እንዲሁ። ስለዚህ ይህን የሚሞላው በየቀበሌው ያለው እድር፣ ሰንበቴና የትምህርት ቤት ወላጆች ጉባኤ ነው። አንድ ሰንበቴ በወር አንድ ካርቶን ሳሙና ለአምስት ሕሙማን ቢያወጣ የድግሱ ጠላ በአንድ እንስራ ይቀንስ ይሆናል፤ ከዚያ የበለጠ የሚጎድለው ነገር የለም።

ለመምህራንም አንድ ሥራ አለ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት፣ ልጆቹ ክረምቱን ሁሉ በጭቃ ውስጥ ከርመው የሚመጡበት ወር ነው። ሳያሳፍሩ፣ ሁሉንም በተራ እንጂ አንዱን ለይተው ሳያወጡ፣ እግራቸውን አስታጥበው ይመልከቱ። የእግሩ ፊት ወርዱ ሰፍቶ ጣቶቹ የተራራቁ እንደ ሆነ፣ ልጁ በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣቱ መካከል ያሳክከኛል፣ ማታ ማታ ያቃጥለኛል ካለ፣ ጠዋት ጠፍቶ ማታ የሚመለስ ጥቂት እብጠት በመርገጫው ላይ ከታየ፣ ይህ የደዌው መጀመሪያ ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት። በዚህ ጊዜ እብጠቱ ገና ለስላሳ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ይጎደጉዳል፣ ታጥቦና ጫማ ተደርጎለት ሊመለስም ይችላል። ወንድምና እህት ካለው እነርሱንም በዚያው ቀን ጠርተው ይመልከቱ፤ በሌላ ክፍል ቢማሩም፣ በሌላ ትምህርት ቤትም ቢሆኑ።